የቧንቧው ጸሎት

ጥቅምት 12

ይድረስ ለወንድምጋሼ፣

ባሕርና ተራራ ቢለየንም በአንድ ጌታ ዓይን ሥር ነንና፣ ሰላሙ ከራስ ጠጉርህ እስከ እግር ጥፍርህ ይሁን። እንደምን ከርመሃል? የደረትህ ነገር እንዴት ሆነ? ከዚያ የሆስፒታል አንሶላ ከምትተኩስበት ቤት፣ ከእንፋሎቱ ወጥተህ ብርድ ውስጥ ስትገባ አንገትህን ጠቅልል። ትልቅ ሰው ነህ፣ ይመክሩሃል እንጂ አይጠቀልሉህም።

እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጉልበቴ አልፎ አልፎ ይጮሃል፤ እሱም እንደ ስፌት መኪናዬ ነው፣ ዘይት ጠብ ካደረጉለት ዝም ይላል። የላክህልኝ መርፌ ደርሶኛል፤ እጅህ ይባረክ። ግን አሥራ አራት ቁጥር ነው የላክኸው። እሱ ለስስ ጨርቅ ነው፤ እዚህ ሰው የሚያሰፋው ወፍራም ወፍራሙን ነው። ስትችል አሥራ ስድስት ቁጥር ፈልግልኝ።

የሚቀጥለውን በስልክ ልነግርህ ነበር። ግን ስልክ ላይ አንተ «እሺ፣ እሺ፣ በይ ደህና ሁኚ» ነው የምትለው። ደብዳቤ ሲሆን ሳትወድ በግድህ እስከ መጨረሻው ታነባለህ።

ይኸውልህ። ከሱቄ ዝቅ ብሎ፣ የታችኛው መንገድ ጥግ ላይ ያለው ትልቁ ቧንቧ ከተሰበረ አምስት ወሩ ነው። ውሃው መንገዱን ያጥባል፤ የእኛ ቤት ቧንቧ ደግሞ ሲከፍቱት ያስነጥሳል። ሴቱ ሁሉ ጀሪካን ተሸክሞ ሁለት ሰፈር ይሻገራል። ሦስት ጊዜ አመለከትን። ሦስቱንም ጊዜ «ተመዝግቧል» አሉን። መዝገብ ቢጠጣ ኖሮ እስካሁን ጥማችንን በቆረጥን!

አንተ የቤተ ክርስቲያናችን ጸሐፊ በነበርክ ጊዜ ያወጣኸው ደንብ ትዝ ይልሃል? በየእሑዱ አንድ ምእመን በተራ ቆሞ ስለ መሪዎች እንዲጸልይ ያልከው? እስካሁን አለ። የተራው ዝርዝር በሩ ላይ ይለጠፋል። ሰዉ ግን ተነሥቶ «ጥበብ ስጣቸው፣ ዕድሜ ስጣቸው» ይልና ቁጭ ነው። ባለፈው እሑድ ተራው የኔ ነበር። አዲሱ የወረዳ አስተዳዳሪም የአዳራሻችንን ጣሪያ ለመመረቅ መጥተው፣ ከነባለቤታቸው ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። የለበሱትን ሙሉ ልብስ የሰፋሁላቸው እኔ ነኝ። ተቀምጠው ሳያቸው የወገቡ ቁልፍ ጭንቅ ውስጥ ነበር፤ ከተሾሙ ወዲህ ሁለት ጣት ጨምረዋል።

ቆምኩና እንዲህ አልኩ፦ «ጌታ ሆይ፣ አስተዳዳሪያችንን ስለሰጠኸን እናመሰግንሃለን። ጤናና ዕድሜ ስጣቸው። ሥራ በዝቶባቸዋል፤ ሰው ናቸውና ይረሳሉ። የታችኛው መንገድ ቧንቧ ከተሰበረ አምስት ወሩ ነው። አንተ ታውቃለህ፤ እሳቸው ምናልባት አልሰሙ ይሆናል። አስታውሳቸው። ጋደም ባሉ ቁጥር ጠብ፣ ጠብ የሚል ድምፅ በጆሮአቸው አሰማቸው።»

ወንድምጋሼ፣ ጉባኤው አሜን ማለቱን ረሳው። መጋቢው መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ጀመሩ። ከኋላ ያሉት ጆሮአቸው የከበደው እማማ ብቻ ምን እንዳልኩ ሳይሰሙ «አሜን! ጨምሪበት!» አሉ።

እስኪ ምን ይመስልሃል? ደንቡን ያወጣኸው አንተ ነህና ፍረድ።

ያቺው መርፌህ

*

ኅዳር 9

ለእህቴ ለመርፌ፣

የሰላም አምላክ ቤትሽንና እጅሽን ይጠብቅ። እኔ በቸርነቱ ደህና ነኝ። ደረቴም ተሽሎታል።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ሳቅሁ፤ በሁለተኛው ላብ አጠመቀኝ። ልጅ ሆነሽ መርፌ ያልንሽ ምላስሽን አይተን ነው፤ ሃምሳ ሊሞላሽ ሲል ግን ይደነዝዛል ብዬ ነበር።

ያን ደንብ ያወጣሁት ከመሪዎች ጋር በሰላም እንድንኖር ብዬ ነው። ቃሉ ለባለሥልጣን ተገዙ ይላል። ሥልጣን ሁሉ ከላይ ነው ይላል። ስለ ነገሥታት ጸልዩ ያለውም ጸጥ ብለን፣ ዝግ ብለን እንድንኖር ነው እንጂ በፊታቸው ቆመን ቧንቧ እንድንቆጥርባቸው አይደለም። አባቶቻችንስ ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ያሉት ዝም ብለው ነው? የእኛ አገር ላይኛው ነው፤ እዚህ እንግዶች ነን። እኔ በዚህ ባዕድ አገር አሥራ ሦስት ዓመት ስኖር አንድ ስብሰባ አልረገጥኩም፣ በአንድ ነገር ላይ አፌን አልከፈትኩም። ይኸው በሰላም ወጥቼ በሰላም እገባለሁ። ነፋስ ሲመጣ ጎንበስ ብሎ ማሳለፍ ነው።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ሳይጠሩሽ ቀድመሽ ሂጂ፤ ይቅርታ ጠይቂ፤ አንገትሽን ደፍተሽ ውጪ።

አሥራ ስድስት ቁጥር መርፌ ከዚህ ጋር ልኬአለሁ።

ወንድምሽ

ልረሳው፦ በዚያ ቢሮ መዝገብ ቤቱን አሁን ማን ነው የያዘው? የድሮዋ ሴትዮ አለች?

*

ኅዳር 28

ወንድምጋሼ ሆይ፣

በሩቅ ሆኖ ለቅርብ የሚያስብ ወንድም የሰጠኝ ጌታ ስሙ ይባረክ። መርፌው ልክ ነው፤ ወፍራሙን ጨርቅ እንደ ቅቤ ይበሳዋል።

ቀድመሽ ሂጂ ብለህ ነበር፤ ቀደሙኝ። ደብዳቤህ በደረሰ ማግስት ቢሮ ትፈለጊያለሽ ተባልኩ። የእሑድ ልብሴን ለብሼ፣ ጫማዬን ወልውዬ ሄድኩ። ሹም ፊት ሲቀርቡ ተጣጥቦ ነው። የታጠብኩበትን ውሃ ከየት እንዳመጣሁት ግን የኔ ትከሻ ያውቃል።

መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ያለው አግዳሚ አንድ እግሩ አጭር ነው፤ ካርቶን አጥፈው ከሥሩ ወሽቀውለታል። ሰው በተነሣና በተቀመጠ ቁጥር ሁላችንም እንሰግዳለን። ሁለት ሰዓት እንዲህ ስሰግድ ቆይቼ አስገቡኝ። አስተዳዳሪው ገና ሲገቡ ቆምኩ፤ እጅ ነሣሁ። ጠረጴዛቸው ላይ በሳህን የተከደነ አንድ ብርጭቆ ውሃ ነበር። ዓይኔ ከሱ ላይ አልነቀል አለኝ።

«እናት፣ በእግዚአብሔር ፊት ከሰሱን አሉ» አሉኝ።

«ኧረ ጌታዬ! አስታወስኩ እንጂ መች ከሰስኩ? ልክሰስ ብልማ ፍርድ ቤት አለ።»

«ለመሪ መጸለይ ማለት መመረቅ ማለት ነው።»

«መርቄያለሁ እኮ። ዕድሜም ለምኜልዎታለሁ። ረጅም ዕድሜ ያለው ሰው ውሃ ይጠማዋል ብዬ ነው።»

ፈገግ ሊሉ ነበር መሰለኝ፤ ከጎናቸው የተቀመጠው ምክትላቸው ሲያስል ተዉት። ምክትሉ ወረቀት ገፋ አደረገልኝ። ምን ይላል መሰለህ? «በጸሎት ስም ሕዝብን ለአድማ ማነሣሣቴን አምናለሁ። በሰፈሬ የውሃ ችግር የለም።» ከሥሩ የኔ ፊርማ፣ ከዚያ በታች ከቤተ ክርስቲያኔ የሦስት ምስክር የመፈረሚያ መስመር።

«የንግድ ፈቃድዎ ጥር አንድ ያበቃል» አለኝ ምክትሉ። «ይህ ተፈርሞ ሲመጣ ያኛው ይታደሳል።»

«ልጄ፣ የመጀመሪያው መስመር ላይ እንከራከር ይሆናል» አልኩት። «አነሣሣሽ ካላችሁ ክሰሱኝና ዳኛ ይፍረድ፤ ቅጣት ከሆነም እቀጣለሁ። ሁለተኛው ላይ ግን ክርክር የለም፤ ጫማህን እየው፣ ስትመጣ የረገጥከው ጭቃ ከየት መጣ?»

ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ወጣሁ።

አሁን ወደ አንተ ልመለስ። ሰማይ አይታረስ ብለሃል፤ እውነት ነው፣ አይታረስም። ዝናብ ግን ይለመናል! ጎንበስ በይ ብለሃል፤ ለጎንበስማ ማን አህሎኝ! ቀኑን ሙሉ መኪና ላይ ጎንብሼ ነው የምውለው። ሥራው ሲያልቅ ግን ወገቤ ይቃናል፤ ካልተቃናማ በሽታ ነው። ተገዢ ካልከኝም እገዛለሁ፤ ግብሬን ማንም ሳይቀሰቅሰኝ እከፍላለሁ፤ የሰፈር ቦይ ሲጠረግ አካፋ ይዤ ቀድሜ እወጣለሁ፤ በምርጫ ቀን ሰልፉን የምጀምረው እኔ ነኝ። ይሄ ሁሉ ለጌታዬ ስል ነው። ውሸት ፈርሚ የሚለውን ግን ከየትኛው ገጽ አመጣኸው?

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የማውቀው ይህን ነው። ሰውን የማከብረው በልኩ ስሰፋለት ነው። ወገቡ አርባ የሆነውን ሰው ደስ ይበለው ብዬ ሠላሳ ስድስት ነህ ብለው፣ ሱሪው አደባባይ ላይ ይተረተርበታል። መቼ አዋረድኩት ታዲያ? በሜትር ስለካው ወይስ ስሸነግለው? ለሹም መጸለይም እንዲሁ ነው። ልኩን ሳትነግርለት ለእግዚአብሔር ምን ብለህ ትሰጠዋለህ?

የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ አለች፤ ጠጉሯ ብቻ ነው የተለወጠው። ለምን ጠየቅኸኝ?

መርፌ

*

ታኅሣሥ 16

እህቴ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ቸኩያለሁና ሰላምታውን አሳጥሬዋለሁ።

ፈርሚ። እለምንሻለሁ። ወረቀት ነው፤ ቀለም ነው። ሰው ይፈርማል፣ ኑሮው ይቀጥላል፣ እግዚአብሔር ልብ ያያል። ባልሽ ከሞተ ወዲህ ከዚያች ሱቅ በቀር ምን አለሽ? ምስክር ሆነው የሚፈርሙትንም አትፍረጂባቸው። ቤት አላቸው፣ ልጆች አሏቸው። ሰው በዚያ ክፍል ውስጥ፣ በዚያ አግዳሚ ላይ ሲቀመጥ የሚሰማውን ያልተቀመጠ አያውቀውም።

አንድ ነገር ብቻ ቃል ግቢልኝ። የድሮ ፋይል አውጥተው ሊያሳዩሽ ቢሞክሩ አትመልከቺ። ሰውን ለማጣላት የማይሠሩት የለም።

ምን ልላክልሽ? ክር? መቀስ? የፈለግሽውን ጻፊልኝ።

ወንድምሽ

*

ጥር 9

ለወንድምጋሼ፣

የዝምታንም የንግግርንም ጊዜ የሚያውቅ አምላክ ከአንተ ጋር ይሁን። እኔ ደህና ነኝ። ሱቄ ታሽጓል።

ጥር ሁለት ቀን ጠዋት ሦስት ሆነው መጡ። ማኅተም ይዘዋል፣ ሰም ይዘዋል፣ ክር ረስተዋል! በሩ ላይ ቆመው እርስ በርስ ይተያያሉ። አንደኛው ቀስ ብሎ «እናታችን፣ ትንሽ ክር ይኖርዎታል?» አይለኝ መሰለህ? ሳቄ ሊገድለኝ። ጠንካራውን፣ ለጃንጥላ የማደርገውን መርጬ፣ እጥፍ አድርጌ ሰጠኋቸው። «ልጆቼ፣ ሥራ ከሆነ በደንብ ይሠራ» አልኳቸው። አፈሩ። አፍረውም መኪናዬን ራሳቸው ተሸክመው አወጡልኝ። አሁን የአዳራሹ ደረጃ ላይ፣ ከመጋቢው ቢሮ በር ፊት ለፊት ተቀምጬ እየሰፋሁ ነው። የንግድ ቤት አይደለም፣ በር የለው፣ ምኑን ያሽጉታል?

ሽማግሌዎቹ ግን መጡ። አራቱም። የመሪዎች ጸሎት ለጊዜው ቀርቷል አሉኝ፤ የተራውን ዝርዝር ከበሩ ላይ ነቅለውታል። ከአራቱ ሁለቱ ምስክር ለመሆን ተስማምተዋል፤ ሦስተኛ እየፈለጉልኝ ነው። ለኔ ብለው! ፊታቸው ላይ ያየሁት ፍርሃት እንጂ ክፋት አይደለም። «ስለ ቤተ ክርስቲያኒቱ ሰላም ብለሽ» አሉኝ። «በውሸት የቆመ ሰላም የአጭር እግር አግዳሚ ነው፤ ካርቶኑ ያለቀ ቀን ሁላችሁም ትወድቃላችሁ» አልኳቸው። ክፉ ተናግሬ ይሆን? ይቅር ይበለኝ። ግን አልመለስኩበትም።

ወንድምጋሼ፣ የሚቀጥለውን ቁጭ ብለህ አንብበው። ከሰው ፊት ከሆንክ እጠፈውና ቤትህ ስትገባ አንብበው።

ፋይል ማየት አያስፈልገኝም። ያንን ወረቀት ካወቅሁት አሥራ ሦስት ዓመት ሆነኝ።

ባለቤቴ የውሃ ቢሮው ቧንቧ ሠራተኛ ሳለ የትልቁ የውሃ ማጠራቀሚያ ጋን ክዳን መሰበሩን፣ ውስጡም የሞቱ ወፎች ማግኘቱን ጽፎ አመለከተ። ዝም በል ተባለ። ዝም አላለም። አንድ ቀን ጠሩትና «አድማ ቀስቃሽ ለመሆኑ የገዛ ቤተ ክርስቲያኑ ምእመናን መሰከሩ» ብለው ወረቀቱን አሳዩት። ሦስት ፊርማ። ከሥራ ወጣ። የዚያን ቀን ማታ ቤት ሲገባ እጁን ታጥቦ፣ ቁጭ ብሎ፣ ያየውን ነገረኝ። ሁለቱን ፊርማ አላወቃቸውም። ሦስተኛውን ግን የኔን ደብዳቤ በሚያነብበት ዓይን ለየው፤ የኔ የእጅ ጽሕፈት ካንተ የተቀዳ ነዋ። ስድስተኛ ክፍል ሳቋርጥ እጄን ይዘህ የጻፍኩትን ድገሚ ያልከኝ አንተ አይደለህም? በሁለት ሳምንት ውስጥ ሌላው ሰው ዓመት የሚጠብቀው የጉዞ ወረቀትህ እጅህ ገባ።

ጣቢያ ድረስ ሸኘሁህ። የተቀደደውን የኮትህን ኪስ የሰፋሁልህ ያን ቀን ጠዋት ነው። አውቅ ነበር። እየሰፋሁ ሳለ ይቅር አልኩህ፤ ስፌቱ ሲያልቅ ነገሩም አለቀ። ባለቤቴ «አትንገሪው፤ ሲችል ራሱ ይንገርሽ» ብሎኝ ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ ሲሞትም ይህንኑ ደገመው። እኔም ጠበቅሁ። መርፌ ስትልክልኝ፣ አሁን ይጽፈዋል እላለሁ። ቁጥር ተሳስተህ ትልካለህ፤ ያኛውን አትጽፍም።

ስለ እሱ አንድ ቃል አልጠይቅህም። ተዘግቷል። ግን አንተን ጎንበስ ያሰኘህ ነፋስ የኔን ቤት ጣሪያ ይዞ ሄዷል፤ ያንን እያወቅህ እንዴት ሁለተኛውን ፈርሚ ትለኛለህ? ያኔ ሦስቱ ሰዎች እምቢ ቢሉ ኖሮ ወረቀቱ ወረቀት ሆኖ ይቀር ነበር። ሹም ክፉ የሚሆነው ብቻውን አይደለም፤ ሦስት አማኝ ያስፈልገዋል።

እኔ አልፈርምም። ሱቄ እስከ ዕለተ ሞቴ ታሽጎ ቢቀር አልፈርምም።

ክርም መቀስም አልፈልግም። መርፌም አትላክ።

እህትህ

*

ሚያዝያ 15

እህቴ፣ መርፌዬ፣

በምን ሰላምታ እንደምጀምር ሦስት ወር አስቤ አጣሁ። ስለዚህ ያለ ሰላምታ ነው።

ደብዳቤሽን በሥራ ልብሴ ኪስ ይዤው ስዞር አንድ ቀን ረስቼው ከልብሱ ጋር ታጠበ። ቀለሙ ለቀቀ። ወረቀቱን ዘርግቼ ተኮስኩት፤ ነጭ ሆኖ ወጣ። ምንም አልጠቀመኝም፤ ቃል በቃል በቃሌ ይዤው ነበር።

እኔ ነኝ የፈረምኩት። ጽፌው ስለማላውቅ ይኸው ጻፍኩት። ሦስት ቀን ጠርተውኝ በዚያ አግዳሚ ላይ አስቀመጡኝ። ማንም አልመታኝም። በሦስተኛው ቀን «ከአገር መውጣት ትፈልግ የለም?» አሉኝ። ወፎቹን ባልሽ ለኔም አሳይቶኝ ነበር፤ በዓይኔ አይቻቸዋለሁ። አይቼ ነው የፈረምኩት። ለአንቺ ቃሉን ስጠቅስልሽ የኖርኩት ለራሴ መጋረጃ ስሰቅል ነው። ጸጥ ብዬ ኖርኩ ያልኩሽም እምነት አልነበረም፤ ተደብቄ ነው።

ከዚህ ጋር አንድ ወረቀት አለ። ለቢሮው የተጻፈ ነው። የዛሬ አሥራ ሦስት ዓመት የሰጠሁት ምስክርነት ሐሰት መሆኑን፣ ጋኑ ውስጥ የነበረውን ማየቴን፣ ከነሙሉ ስሜና አሁን ካለሁበት አድራሻ ጋር ጽፌ ፈርሜበታለሁ። በሚቀጥለው ዓመት ጡረታ ወጥቼ አገር ልገባ ቤት ሳስጠግን እንደነበር ታውቂያለሽ። ይህ ወረቀት ከገባ ምናልባት በሩ ይዘጋብኝ ይሆናል። ጥርጣሬዬን ደብቄሽ ሁለተኛ አልዋሽሽም፤ እፈራለሁ።

ብትሰጪው ያንቺ ፈቃድ ነው። ብትቀጂውም ያንቺ ነው።

ያ ኪስ እስካሁን አልተተረተረም።

የፈረመው ወንድምሽ

*

ግንቦት 11

ለወንድሜ፣ ለወንድምጋሼ፣

የዘገየውን የማያስቀር፣ የወደቀውን የማይረሳ ጌታ ይባረክ! እንደምን አለህልኝ? ደረትህስ?

ወረቀትህን ሳነብ ደረጃው ላይ መኪናዬ ፊት ነበርኩ። አለቀስኩ፤ አላለቀስኩም ብዬ አልዋሽህም። የአንዲት ሙሽራ ጨርቅ ላይ ጠብ ብሎብኝ በውሃ ማስለቀቅ ነበረብኝ፤ ውሃው ደግሞ እንደምታውቀው ከሁለት ሰፈር ነው የሚመጣው። ስታስለቅሰኝ እንኳ ወጪ ታስወጣኛለህ።

ወሬ ልንገርህ መጀመሪያ። ባለፈው ሳምንት የአስተዳዳሪው ባለቤት ራሳቸው የባላቸውን ሱሪ በፌስታል ይዘው መጡ። ሌላ ሰፊ ዘንድ ወስደውት አበላሽቶባቸዋል። «ያስቀይምዎት ይሆን?» አሉኝ በሹክሹክታ። «እመቤቴ፣ በሰው ልብስ ላይ ቂም አልሰፋም» አልኳቸው። ወገቡን በልኩ አሰፋሁላቸው፤ አሁን አስተዳዳሪው ሳይጨነቁ ይቀመጣሉ። ሲወስዱት ኪሱ ውስጥ ቁራጭ ወረቀት አኖርኩ፦ «በየቀኑ እጸልይልዎታለሁ። ቧንቧው አሁንም ይፈስሳል።» በማግስቱ ሁለት ሠራተኞች መጥተው ስብራቱ ዙሪያ ድንጋይ ደርድረው ሄዱ። አልጠገኑትም። በቢሮ ቋንቋ ግን ድንጋይ መደርደር ግማሽ ንስሐ ነው።

ሦስተኛ ምስክር አላገኙም። ከሁለቱም አንደኛው ዛሬ ነገ ሲል ቆይቶ እጁን መለሰ። ወረቀቱ አሁንም ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ የሜትሬ መጠቅለያ አድርጌዋለሁ። ሱቄ እንደታሸገ ነው። ሰኞ ሰኞ ፈቃዴን እጠይቃለሁ፤ ሰኞ ሰኞ «ተመዝግቧል» ይሉኛል።

ባለፈው እሑድ ደግሞ ስማ! መጋቢው ስብከታቸውን ሊጀምሩ ሲሉ ጆሮአቸው የከበደው እማማ ብድግ አሉ። «ተራዬ ነው!» አሉ ጮክ ብለው። ሽማግሌው ቀርቦ «እማማ፣ ቀርቷል እኮ» ቢላቸው «አዎ፣ አዎ፣ እጸልያለሁ» አሉት። እኔ እሳቸው የሚሰሙት ሲፈልጉ መሆኑን ካወቅሁ ቆይቻለሁ። ስለ አስተዳዳሪው ጤና፣ ስለ ምክትሉ ሳል፣ ስለ ቧንቧው፣ ስለ ሱቄ፣ አንድ በአንድ ጸለዩ። ሲጨርሱ አሜኑ ጣሪያውን አነቃነቀው። ያ የተመረቀው ጣሪያ ምን ያህል እንደሚችል ያን ቀን ታወቀ።

አሁን ያንተ ነገር። ሁለት ቀን አሰብኩበት። ልቅደደው ብዬ ይዤውም ነበር፤ ሌላ ሳይሆን እንድትመጣ ፈልጌ። ዓይንህን ሳላየው ብሞትስ ብዬ። ከዚያ ባለቤቴ «ሲችል ራሱ ይንገርሽ» ያለውን አስታወስኩ። ቻልክ። የቻልከውን እኔ ልቅደድብህ?

ትናንት የእሑድ ልብሴን ለብሼ ሄድኩ። የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ወረቀቱን ቆማ አነበበችው፤ ቁጭ ብላ ደግማ አነበበችው። በሩን ዘጋችና ከመደርደሪያው ሥር አቧራ የጠጣውን የባለቤቴን ፋይል አወጣች። «የያኔውንም የመዘገብኩት እኔ ነኝ፤ ይህንንም እኔው ልመዝግበው» አለችኝ ቀስ ብላ። ቁጥር ሰጠችው፤ ማኅተሙን አነሣችና ጠረጴዛው እስኪንቀጠቀጥ መታችው። ምክትሉ በመስኮቱ አንገቱን አስግጎ «ምንድን ነው?» አለ። «የገቢ ደብዳቤ» አለችው።

ስለዚህ ፍራ፤ ፍርሃት ኃጢአት አይደለም። ግን ቤትህን ማስጠገኑን አትተው። በሩን ቢዘጉብህ እኔ ደረጃ ላይ እንዴት እንደሚኖር አሳይሃለሁ። በሚመጣው እሑድ ደግሞ አንድ ነገር እፈልግብሃለሁ፤ መርፌ አይደለም። አንሶላ የምትተኩስላቸው ሰዎች አገር መሪ አላቸው አይደል? በጉባኤህ መካከል ቁምና ጸልይለት። ጥበብ ስጠው ብለህ ቁጭ እንዳትል። በዚያ አገር ምን እንደተሰበረ አንተ ታውቃለህ፤ እሱን ንገርለት።

ያ ፋይል ውስጥ ባንተ ስም አሁን ሁለት ወረቀት አለ። ያንተ እጅ ነው ሁለቱም። አዲሱ ከላይ ነው።

ጌታ በሰላም ያገናኘን፤ ባያገናኘንም ቀና ብለን እንደር።

ሁልጊዜም መርፌህ